እንዶድን በስንት ስሙ እንፈልገው?

ለኬሚስትሪ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር ጽሑፍ

ውድ ተማሪዎች፣ የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣

ንግግሬን የምጀምረው ከአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ፈተና ነው። ተፈታኙ እኔ ነበርኩ። ከአንድ የአገራችን ቁጥቋጦ ቅጠል ነጭ ዱቄት ለይቼ አውጥቼ ነበር። ቅጠሉን ለቅሞ፣ በጥላ አድርቆ፣ ፈጭቶ፣ በአልኮል ዘፍዝፎ፣ በክሮማቶግራፊ ለይቶ ንጹሕ ውህድ እስከማግኘት ድረስ ሰባት ወር ፈጅቶብኛል። በጽሑፌ ውስጥ «ይህ ውህድ ከዚህ ተክል ሲገኝ የመጀመሪያው ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረ። የውጭ ፈታኙ ከቦርሳቸው አንድ የፎቶ ኮፒ ወረቀት አውጥተው ፊቴ አኖሩት። ያው ተክል፣ ያው ውህድ፣ ከእኔ አሥራ አንድ ዓመት ቀድሞ ታትሟል። እነዚያ ተመራማሪዎች ተክሉን የጠሩት በቀድሞው የላቲን ስሙ ነበር፤ እኔ የፈለግሁት በአዲሱ ስሙ ብቻ። ፈታኙ አልተቆጡም። «ኮምፒውተሩ አልዋሸህም፤ የጠየቅኸውን መልሶልሃል» አሉኝ።

ያቺ ዓረፍተ ነገር ዛሬም ትቆረቁረኛለች። ሰባት ወር የጠፋው ዱቄቱን ለማውጣት አይደለም፤ ስም ባለመጠየቄ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምነግራችሁ ነገር በሙሉ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ይዞራል፤ በኬሚስትሪ አንድ ነገር ብዙ ስም አለው፤ ፈላጊ የሚባለውም ስሞቹን አስቀድሞ የሰበሰበ ሰው ነው።

እንዶድን እንውሰድ። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ ያጠቡበት ፍሬ ነው። በ1964 (በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ውስጥ ብልሃርዝያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን ሲያጠኑ፣ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ ወረድ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ምርምር ረጅም ነው። እሳቸውና ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን በጋራ ተቀብለዋል። ከፍሬው ከወጡት ውህዶች አንዱም ለማቶክሲን ተብሏል፤ በኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ስም የተጠራ ሞለኪውል ነው።

አሁን አንድ ተማሪ መጥቶ «በእንዶድ ላይ የተጻፈውን ሁሉ እፈልጋለሁ» ይበል። በላቲን ፊደል «እንዶድ» ብሎ ጽፎ ቁልፉን ይጫናል፤ የተወሰኑ ጽሑፎች ይመጡለታል። ተደስቶ ይሄዳል። ነገር ግን ብዙ ተመራማሪዎች ተክሉን የጠሩት ፊቶላካ ዶዴካንድራ በሚለው ሳይንሳዊ ስሙ ብቻ ነው። ከእነሱ የቀደሙት ደግሞ ፊቶላካ አቢሲኒካ ብለውታል። ትግራይ ውስጥ ከገበሬ የተሰበሰበ መረጃ ሽብቲ ሊለው ይችላል፤ ኦሮሚያ ውስጥ የተሰበሰበው አንዶዴ። ኬሚስቱ የተክሉን ስም በርዕሱ ላይ ጭራሽ ላያነሳ ይችላል፤ ለማቶክሲን ወይም «የኦሊአኖሊክ አሲድ ግሉኮሳይዶች» (በኦሊአኖሊክ አሲድ ላይ ስኳር የተያያዘባቸው ውህዶች) ብሎ ያልፋል። የጤና ባለሙያው ስለ ቀንድ አውጣ ማጥፊያ ይጽፋል። በሽታውም ራሱ ሁለት ስም አለው፤ ድሮ ቢልሃርዝያ ይባል የነበረው ዛሬ በሕክምና መጽሔቶች ሺስቶሶሚያሲስ ነው። ዐሥር ስም ቆጠርኩ። አንዱን ብቻ የያዘ ተማሪ አንዷን መሳቢያ ብቻ ከፍቶ ቁም ሣጥኑን ሁሉ ያየ ይመስለዋል።

ፊደሉም የራሱ ጣጣ አለው። የእኛ ቃላት ወደ ላቲን ፊደል ሲገለበጡ አንድ ወጥ ሥርዓት ስለሌላቸው እያንዳንዱ ጸሐፊ እንደ ጆሮው ይጽፋል። ዳማከሴን አንዱ በአንድ «ኤስ»፣ ሌላው በሁለት «ኤስ»፣ ሦስተኛው ለሁለት ከፍሎ ይጽፈዋል። ጤና አዳም አንድ ቃልም ሁለት ቃልም ሆኖ ይገኛል። ጫት ከሁሉም የባሰ ነው። በእንግሊዝኛ ጽሑፎች ውስጥ ኻት፣ ቃት፣ ካት፣ ቻት እየተባለ ይጻፋል፤ ኬንያ ውስጥ ሚራ ነው። «ቻት» ብላችሁ ብትፈልጉ ደግሞ ቃሉ በእንግሊዝኛ ጭውውት ማለት ስለሆነ ከተክሉ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ብዙ ጽሑፍ ያጥለቀልቃችኋል። ተክሉን የምታገኙት ካታ ኢዱሊስ በሚለው ሳይንሳዊ ስሙ ነው። እሱም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም፤ የዕፅዋት ሊቃውንት ስም ይቀይራሉ። ግራዋ ለረጅም ጊዜ ቬርኖኒያ አሚግዳሊና ነበረ፤ ዛሬ ጂምናንቴመም አሚግዳሊነም የሚሉት አሉ። ናይጄሪያውያን ይህንኑ ቅጠል በወጥ ስለሚበሉት ብዙ አጥንተውታል፤ እነሱ ግን «መራራ ቅጠል» በሚለው የእንግሊዝኛ ስሙ ይጠሩታል። ግራዋን የሚያጠና ኢትዮጵያዊ ተማሪ ይህን ካላወቀ ትልቁን ክምችት ሳያየው ያልፋል።

ይህ የስም ብዛት ኬሚስቶችን ያስቸገረው ዛሬ አይደለም። ሴንት ፒተርስበርግ የተወለደው ፍሪድሪሽ ቤይልሽታይን ከ1881 እስከ 1883 ባወጣው መድብል የታወቁትን የካርቦን ውህዶች በሙሉ በመዋቅራቸው ሥርዓት ለመደርደር ሞክሯል። መድብሉ ከእሱ ሞት በኋላ እያደገ ሄዶ ወደ 500 የሚጠጉ ጥራዞች ደረሰ። ዛሬ ሪአክሲስ በሚባለው የመረጃ ቋት ውስጥ የምታገኙት የውህድ ንብረቶችና የኬሚካል ምላሾች መረጃ መሠረቱ ይህ የአንድ ሰው ጅምር ነው። በአሜሪካ ደግሞ የኬሚስቶች ማኅበር በ1907 ኬሚካል አብስትራክትስን ጀመረ። በዓለም ላይ የሚታተመውን የኬሚስትሪ ጽሑፍ እየተከታተለ አኅጽሮተ ጽሑፍ የሚያወጣ መጽሔት ነው። በመጀመሪያው ዓመት 12 ሺህ ገደማ አኅጽሮቶች አወጣ። ከመቶ ዓመት በላይ በወረቀት ታትሞ፣ በ2010 መጀመሪያ ወረቀቱ ቆመና ሥራው ሁሉ በኮምፒውተር ላይ ብቻ ሆነ።

እነዚያን ጥራዞች በእጁ ገልጦ ያልፈለገ ሰው የዛሬውን ቅለት አይረዳውም። መጀመሪያ የዐሥር ዓመት ወይም የአምስት ዓመት ማውጫ ይገለጣል፤ ከማውጫው የአኅጽሮቱ ቁጥር ይቀዳል፤ ቁጥሩ ወደ ሌላ ጥራዝ ይመራል፤ እዚያ አጭሩ ጽሑፍ ይነበባል፤ ከዚያ ዋናው መጽሔት በቤተ መጻሕፍቱ ይኖር እንደሆን ይጠየቃል። ለአንድ ውህድ አንድ ሳምንት መሄዱ የተለመደ ነበር። ቢሆንም ያ አዝጋሚ ሥራ አንድ በጎ ነገር ነበረው፤ ማውጫው ራሱ «ይህን ስም ተወው፣ እዚያኛው ስም ሥር ተመልከት» ብሎ ይመራ ነበር። የዛሬው ባዶ መፈለጊያ ሳጥን እንዲህ አይልም። የጻፋችሁለትን ይቀበልና ዝም ይላል።

አሁን ወደ ልቤ ወደ ቀረበው ክፍል መጣሁ። ስም ካላስተማመነ፣ ለምን ውህዱን በራሱ አንጠራውም? ሞለኪውል ማለት እርስ በርስ የተያያዙ አቶሞች ማለት ነው። የትኛው አቶም ከየትኛው ጋር እንደተያያዘ ለኮምፒውተር ከነገርነው፣ ማን ምን ብሎ እንደሰየመው ምን ገዶን? በ1957 በአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ ይሠሩ የነበሩት ሉዊስ ሬይ እና ራስል ኪርሽ ይህን በተግባር አሳዩ። የሞለኪውልን ሥዕል ወደ አቶሞችና ትስስሮች ዝርዝር ቀየሩት፤ ከዚያም ኮምፒውተሩ የተሰጠውን ቁራጭ መዋቅር በተከማቹት ሞለኪውሎች ውስጥ አቶም በአቶም እንዲፈልግ አደረጉ። (ይኸው ኪርሽ በዚያው ዓመት የጨቅላ ልጁን ፎቶግራፍ ወደ ኮምፒውተር አስገብቶ የመጀመሪያውን ዲጂታል ምስል ሠርቷል። ዛሬ በስልካችን ለምናነሳው ፎቶ ሁሉ ባለውለታችን ነው።)

አሠራሩ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት እንደመፈለግ ነው። የቤት ቁጥር ማን ይነግራችኋል? «ከቤተ ክርስቲያኑ ቀጥሎ ወፍጮ ቤት አለ፤ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ጉልት አለ፤ ከጉልቱ ፊት ለፊት አረንጓዴ በር» ይሏችኋል። ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ጉልት ካጣችሁ ወደ ኋላ ትመለሱና ሌላ ቤተ ክርስቲያን ትሞክራላችሁ። ኮምፒውተሩም እንዲሁ ነው፤ ካርቦን ይዞ ይነሳል፣ ቀጥሎ ኦክስጅን መኖሩን ያያል፣ ከሌለ ተመልሶ ከሌላ ካርቦን ይጀምራል። በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ሞለኪውሎች ይህን ሁሉ ማድረግ ጊዜ ስለሚወስድ አስቀድሞ ማጣሪያ ይደረጋል። ፐብኬም የተባለው ነጻ የመረጃ ቋት ለእያንዳንዱ ሞለኪውል 881 የ«አዎ» ወይም «አይደለም» ጥያቄዎችን መልስ አስቀድሞ መዝግቧል። የቤንዚን ቀለበት አለው? ናይትሮጅን አለው? በነዚህ መልሶች የማይመስሉት ከወደቁ በኋላ የቀሩት ብቻ በአቶም ደረጃ ይመረመራሉ።

ከዚህ ጋር የሚሄደው ሁለተኛው እርምጃ በ1965 መጣ። ኬሚካል አብስትራክትስን የሚያዘጋጀው ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ካስ፣ ለእያንዳንዱ ውህድ የመዝገብ ቁጥር መስጠት ጀመረ። በዚያው ዓመት የድርጅቱ ባልደረባ ሞርጋን፣ አንድ ሞለኪውል በየትኛውም አቅጣጫ ቢሣል ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የአቶም ተራ ቁጥር የሚሰጥበትን ዘዴ አሳተመ። ያ ዘዴ ባይኖር ኖሮ አንዱ ውህድ በዐሥር ሥዕል ዐሥር ቁጥር ባገኘ ነበር። መዝገቡ ዛሬ ከ200 ሚሊዮን በላይ ውህዶች አሉት።

ቁጥሩ ሦስት ክፍል አለው፤ የመጨረሻዋ አኃዝ ማረጋገጫ ናት። እስክሪብቶ አንሱና አብረን እንሥራ። የኦሊአኖሊክ አሲድ ቁጥር 508-02-1 ነው። የመጨረሻዋን 1 ለጊዜው ተዉአት። የቀሩትን አኃዞች ከቀኝ ወደ ግራ በ1፣ በ2፣ በ3፣ በ4፣ በ5 አባዙ። 2 በ1 ሲባዛ 2፤ 0 በ2 ሲባዛ 0፤ 8 በ3 ሲባዛ 24፤ 0 በ4 ሲባዛ 0፤ 5 በ5 ሲባዛ 25። ድምሩ 51። የድምሩ የመጨረሻ አኃዝ 1 ነው፤ ማረጋገጫዋም 1 ናት። ቁጥሩ በትክክል ተጽፏል ማለት ነው። ከጠርሙስ ላይ ወይም ከአሮጌ መዝገብ ቁጥር ስትገለብጡ ይህን አንድ ደቂቃ አትንፈጉት፤ ብዙውን የጽሕፈት ስሕተት ይይዝላችኋል።

ይህ አሲድ ታሪክ ያለው ነው። ኦሊአኖሊክ የተባለው ከወይራ የላቲን ስም ተነሥቶ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ከቅርንፉድ የወጣው ይኸው ውህድ ካርዮፊሊን ይባል ነበር። ሁለቱ አንድ መሆናቸው የታወቀው በኋላ ነው። እንግዲህ የወይራ፣ የቅርንፉድና የእንዶድ ኬሚስቶች ስለ አንድ የሞለኪውል አካል ሲጽፉ ኖረዋል፤ በቃል ብትፈልጓቸው ግን አይገናኙም። የሚያገናኛቸው ቁጥሩና መዋቅሩ ነው።

ቁጥሩም ቢሆን በጭፍን የሚታመን አይደለም። በትኩስ የጫት ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን ግራ እጅና ቀኝ እጅ እንደሚመስሉት ሁለት ቅርጾች ካሉት ሞለኪውሎች አንዱ ነው፤ ተክሉ የሚሠራው አንዱን ቅርጽ ብቻ ነው። የዚያ ቅርጽ ቁጥር 71031-15-7 ነው። በቤተ ሙከራ የሚሠራው የሁለቱ ቅርጾች ድብልቅ ግን ሌላ ቁጥር አለው፤ 5265-18-9። አንዱን ብቻ የያዘ ሰው የሌላውን ጽሑፍ ያጣል። ውህዱ ከአሲድ ጋር ጨው ሲሠራም አዲስ ቁጥር ይሰጠዋል። ለግራና ቀኙ ችግር መፍትሔ የሚሆን አንድ ብልሃት ላስተምራችሁ። ዓለም አቀፉ የኬሚስትሪ ኅብረት ያወጣው ኢንቺ የተባለ መለያ አለ፤ ባለ 27 ምልክት አጭር ቁልፍም አለው። የቁልፉ የመጀመሪያዎቹ 14 ፊደላት የአቶሞቹን ትስስር ብቻ ይይዛሉ፤ ግራና ቀኙ የሚለየው ከዚያ በኋላ ባለው ክፍል ነው። ስለዚህ 14ቱን ፊደላት ብቻ ገልብጣችሁ በተራ የድረ ገጽ መፈለጊያ ብታስገቡ ሁለቱም ቅርጾች ይመጣሉ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው።

በሞለኪውል ቀመር መፈለግም ይቻላል፤ ግን ተጠንቀቁ። ኦሊአኖሊክ አሲድ 30 ካርቦን፣ 48 ሃይድሮጅንና 3 ኦክስጅን አለው። ኡርሶሊክ አሲድም በትክክል ይህንኑ ቁጥር አለው። ልዩነታቸው አንዲት የሜቲል ቡድን የተቀመጠችበት ቦታ ብቻ ነው። የክብደት መለኪያ መሣሪያው ስለ ሁለቱ አንድ ቁጥር ይነግራችኋል። በክብደት ብቻ ተመርኩዞ «አገኘሁት» ያለ ተማሪ ብዙ አይቻለሁ፤ የመረጃ ቋቱ በዚያ ቀመር ስንት ውህድ እንደመዘገበ ቢያይ ኖሮ ለመናገር አይቸኩልም ነበር።

መዋቅርን በቁራጭ መፈለግ ግን የኬሚስት እውነተኛ ሀብት ነው። የእንዶድን ሞለኪውል አምስት ቀለበቶች ሣሉ፤ ስኳር የሚያያዝበትን ሦስተኛውን ቦታ ክፍት ተዉት፤ ከዚያ «ይህን አካል የያዘ ሁሉ ይምጣ» በሉ። ከእንዶድ ጋር ዝምድና የሌላቸው ተክሎች፣ በእስያም በደቡብ አሜሪካም የሚበቅሉ፣ ሳፖኒን የሚባሉ፣ አረፋ የሚያወጡና ቀንድ አውጣ የሚገድሉ ውህዶቻቸውን ይዘው ይሰለፋሉ። አንድም የጋራ ቃል ላይኖራቸው ይችላል። አንድ ተማሪዬ በዚህ መንገድ ከራሷ ተክል ውህድ ጋር የሚመሳሰል ጃፓን ውስጥ የተጠና ውህድ አግኝታ፣ የዚያን ጽሑፍ የመለኪያ ሠንጠረዥ ከራሷ ጋር አስተያይታ የሦስት ወር ሥራ በአንድ ከሰዓት ጨረሰች። በዚያች ቀን የነበረው ፊቷ አሁንም ይታየኛል።

ቃል መፈለግ የማይቀር ሲሆን በቡድን ፈልጉ። የተክሉን ስሞች ሁሉ «ወይም» በሚለው አያይዙ፤ የውህዱን ስሞችም እንዲሁ፤ የጥያቄውን ስሞችም እንዲሁ። ከዚያ ሦስቱን ቡድኖች «እና» በሚለው ያገናኙ። «ያለ» የሚለውን፣ ማለትም ይህ ቃል የሚገኝበት ጽሑፍ ሁሉ ይውጣ የሚለውን ትእዛዝ ግን እፈራዋለሁ። «መርዛማነትን ያለ ዓሣ» ያለ ተማሪ፣ ቀንድ አውጣንና ዓሣን በአንድ ላይ ያወዳደረውን፣ ምናልባትም ዋነኛውን ጽሑፍ፣ በገዛ እጁ አባሮታል።

አንድ ጥሩ ጽሑፍ ስታገኙ ደግሞ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ሂዱ። ወደ ኋላ ማለት ጸሐፊው የጠቀሳቸውን ማየት ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ወደ ፊት ማለት ከዚያ በኋላ ማን እንደጠቀሰው መፈለግ ነው። ዩጂን ጋርፊልድ በ1964 ያወጣው የሳይንስ ጥቅሶች ማውጫ ለዚህ የታሰበ ነበር፤ ዛሬ ዌብ ኦፍ ሳይንስ ሆኗል፤ ጉግል ስኮላርም በነጻ ይህንኑ ያደርጋል። የዚህ መንገድ ጥቅሙ ከስም ነጻ መሆኑ ነው። ተክሉ ስሙን ቢቀይር፣ በሽታው ስሙን ቢቀይር፣ ኋለኛው ጸሐፊ የፊተኛውን መጥቀሱ አይቀርም። እኔ ያጣሁትን ወረቀት በዚህ መንገድ አገኘው ነበር።

ፓተንትን፣ የፈጠራ መብት ሰነድን፣ የምትንቁ ብዙ ናችሁ። «የጠበቃ ቋንቋ ነው» ትላላችሁ። እውነት ነው፣ ንባቡ ይከብዳል። ነገር ግን በፓተንት ውስጥ የተገለጸ ብዙ የኬሚስትሪ ሥራ በመጽሔት ጭራሽ አይወጣም። ወደ እንዶድ እንመለስ። የሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ዜብራ ሙስል በተባለ ባለ ዛጎል እንስሳ ተወረሩ፤ የውኃ ቱቦዎችን ይደፍናል። እንዶድ እሱንም እንደሚገድል ታወቀ፤ በ1990ዎቹም ይህን አጠቃቀም የሚመለከት ፓተንት በአሜሪካ ተመዘገበ፤ ባለ መብቱ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን አክሊሉ ለማም ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ሆነው ተጽፈዋል። የእናቶቻችን እውቀት እዚያ መዝገብ ውስጥ እንዴት እንደተገለጸ ማንበብ የኢትዮጵያዊ ኬሚስት ግዴታ ይመስለኛል። የጤፍንም ጉዳይ ታስታውሳላችሁ፤ አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ይዞት የነበረው የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ፓተንት በ2018 በሄግ ፍርድ ቤት ፈጠራ የለበትም ተብሎ አገሪቱ ውስጥ ተሽሯል። እንዲህ ባለ ክርክር የሚያዋጣው ቀድሞ የታወቀና የተጻፈ ማስረጃን ፈልጎ ማግኘት ነው፤ ያ ደግሞ የእናንተ ሙያ ነው። የፓተንት መፈለጊያዎቹ ኤስፓስኔትና ጉግል ፓተንትስ ሁለቱም ነጻ ናቸው።

ስለ ገንዘብ ትጠይቁኛላችሁ። የካስ መፈለጊያ የሆነው ሳይፋይንደርና ሪአክሲስ ውድ ናቸው፤ ተቋማችሁ ካልከፈለ አትገቡም። ይህ ያሳዝነኛል፤ ግን እጅ የሚያስር አይደለም። ፐብኬም ከ2004 ጀምሮ በነጻ ክፍት ነው፤ ከ100 ሚሊዮን በላይ ውህዶች አሉት፤ መዋቅር ሥሎ መፈለግም ይፈቅዳል። ካስ ራሱ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ የታወቁ ውህዶችን ኮመን ኬሚስትሪ በተባለ ገጽ በነጻ ከነቁጥራቸው ያሳያል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 ባስጀመረው ሂናሪ በኩል ደግሞ የኢትዮጵያ ተቋማት የሚከፈልባቸውን በርካታ መጽሔቶች ያለ ክፍያ ያነባሉ። የይለፍ ቃሉ ያለው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ነው፤ ሂዱና ባለሙያውን ጠይቁ። ስንት ዓመት ተምረው ይህን ሳይጠይቁ የወጡ አሉ።

የአገራችንም መዝገብ አለ። የኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር መጽሔት ከ1987 ጀምሮ፣ ሲኔት የተባለው የሳይንስ መጽሔት ደግሞ ከ1978 ጀምሮ ይታተማሉ። ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያስቆጨኝ የመመረቂያ ጽሑፎቻችን ናቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዲጂታል ክምችት ውስጥ ስለ ኢትዮጵያ ዕፅዋት ኬሚስትሪ የተሠሩ ጽሑፎች ተቀምጠዋል፤ ከእነሱ ውስጥ በዓለም አቀፍ መጽሔት ያልወጣ ሥራ አለ። ውጭ ያለ ተመራማሪ ላያያቸው ይችላል። እናንተ ግን አላየንም ማለት አትችሉም፤ አንዳንዱ የቀደማችሁ ሰው በዚሁ ሕንፃ ውስጥ የነበረ ነው።

አሁን ስለ አዲሶቹ አነጋጋሪ ፕሮግራሞች። ብዙዎቻችሁ ጥያቄአችሁን በቀጥታ ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንደምትወስዱ አውቃለሁ። ስሞችን ለመሰብሰብ፣ የማታውቁትን ተመሳሳይ ቃል ለማስታወስ ይረዳል፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ማጣቀሻ ጠይቃችሁት ግን የሰጣችሁን ሳታረጋግጡ አትውሰዱ። እውነተኛ የመጽሔት ስም፣ እውነት የሚመስል የደራሲ ስም፣ ዓመትና ገጽ ሰጥቶ ጽሑፉ በምድር ላይ የማይገኝበት ጊዜ አለ። የመዝገብ ቁጥር ቢሰጣችሁም ቅድም ያደረግነውን ብዜት አድርጉ፤ ቀጥሎ ቁጥሩን በፐብኬም አስገብታችሁ የወጣውን መዋቅር በዓይናችሁ ተመልከቱ። ማጣቀሻውን ደግሞ በዲጂታል መለያ ቁጥሩ ክፈቱት። ሲከፈት፣ ጽሑፉ በኋላ የተሻረ መሆን አለመሆኑንም እዩ፤ የተሻሩ ጽሑፎች ዝርዝር ከ2023 ወዲህ የጽሑፎችን ዲጂታል መለያ ቁጥር በሚመዘግበው ክሮስሬፍ በኩል ለማንም ክፍት ነው።

ፍለጋችሁን በቤተ ሙከራ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። የትኛው የመረጃ ቋት፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኞቹ ቃላትና ቁጥሮች፣ ስንት ውጤት። የሙቀት መጠን ሳይመዘግብ ሙከራ የሚሠራ ኬሚስት የለም፤ ፍለጋም ሙከራ ነው፤ ሌላ ሰው ሊደግመው ይገባል።

ከንግግሩ በፊት በጽሑፍ ከደረሱኝ ጥያቄዎች አንዱ «መፈለግን መቼ ላቁም?» ይላል። የእኔ ልማድ ይህ ነው። በተክሉ ስሞች ገብቼ ያገኘኋቸውን ጽሑፎች እዘረዝራለሁ። ቀጥሎ ስሞቹን ትቼ በውህዱ ቁጥር እገባለሁ። ቀጥሎ በመዋቅር። ቀጥሎ በጥቅስ ወደ ፊት። በአራተኛው በር ገብቼ የማገኘው ሁሉ አስቀድሞ በዝርዝሬ ላይ ካለ አቆማለሁ። አንድ እንኳ አዲስ ከመጣ፣ ያ አዲስ ጽሑፍ ተክሉን ወይም ውህዱን ምን ብሎ እንደጠራው አያለሁና ያንን ስም ይዤ ከመጀመሪያው በር እንደገና እገባለሁ። ጽሑፌን ከማስረከቤ በፊት ባለው ሳምንትም ሁሉንም እደግመዋለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ «ምንም አልተገኘም ካለኝስ?» የሚል ነው። ይህን በተግባር እንመልሰው። ኮምፒውተሮቹ ተከፍተዋል። ቁልፍ ሰሌዳውን ከመንካታችሁ በፊት እያንዳንዳችሁ የምታጠኑትን ተክል ወይም ውህድ ስሞች በወረቀት ላይ ጻፉ፤ የአማርኛውን፣ የሰፈሩን፣ የድሮውን ላቲን፣ የአዲሱን ላቲን፣ የውህዱን ስምና ቁጥር። አምስት ያልሞላለት ጎረቤቱን ይጠይቅ። ከፊት ረድፍ ልጀምር፤ የአንቺ ተክል ምንድን ነው? አያትሽስ ምን ይሉታል?